የመድኃኒት ፈቃድ ሕግ ፈጠራን ይገድላል ወይ? የካላአዛሩን ኪኒን ይዘን እናውራ

ጎንደሬው_ፋርማሲስት

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የተከራከርነው ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። አንዱ "የመድኃኒት ፈቃድ አሰጣጡ ስለከረረ ነው ኩባንያዎች አዲስ ነገር መሥራት ያቃታቸው" አለ፣ ሌላዋ ደግሞ "ባይከርርማ መርዝ ነበር የምንውጠው" አለች፣ እኔ ግን ሁለቱም ያልነኩት ነገር አለ ባይ ነኝ። የፈቃድ ሕግ የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ብቻ አደለም። ኩባንያው ለምን እንደሚለፋ የሚወስነው ሕጉ የሚሸልመው ነገር ነው።

አንድ ኪኒን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሚልቴፎሲን ይባላል። መጀመሪያ ጀርመን አገር ለካንሰር ተብሎ የተጠና ነው፣ በኋላ ካላአዛርን እንደሚያድን ታወቀ። ካላአዛርን ለማታውቁት፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማ ሁመራ የሚወርደው ልጅ ግራር ሥር ዋልካው ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ነክሳው የምታሲዘው በሽታ ነው፣ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው እየመነመነ ይሄዳል፣ ካልታከመ ይሞታል። መድኃኒቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መርፌ ብቻ ነበር። በአፍ የሚዋጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ይሄ ሚልቴፎሲን ነው፣ 28 ቀን የሚወሰድ። ለካላአዛር ሲጠና የዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ ያለው ቲዲአር የሚባለው ፕሮግራምና የሕንድ መንግሥት ገብተውበታል፣ ሕንድም በ2002 ፈቃድ ሰጠችው።

አሁን ወደ አሜሪካ። በ2007 አንድ ሕግ ወጣ፣ ሐሳቡን ከዓመት በፊት ያቀረቡት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው። ችላ ለተባለ የሐሩር አገር በሽታ መድኃኒት አቅርቦ ኤፍዲኤ የሚባለውን የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያገኘ ኩባንያ አንድ ቫውቸር ይሰጠዋል። ቫውቸሩ ለፈለገው ሌላ መድኃኒት ወረፋ ያስቀድምለታል፣ 10 ወር የሚፈጀው ምርመራ በ6 ወር እንዲያልቅ ማለት ነው። ካልፈለገው ይሸጠዋል። ለኮሌስትሮል ወይ ለቆዳ በሽታ ትልቅ ገበያ ያለው መድኃኒት ይዞ ለሚጠብቅ ኩባንያ አራት ወር ቀድሞ ገበያ መግባት ብዙ ብር ነው፣ ስለዚህ ይገዛል።

ማርች 2014 ሚልቴፎሲን የኤፍዲኤን ፈቃድ አገኘ። ቫውቸሩ እጁ የገባው ናይት ቴራፒዩቲክስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው፣ መድኃኒቱን ከሌላ ኩባንያ የተረከበውም በዚያው ዓመት ነው። ኖቬምበር ላይ ቫውቸሩን ለጊሊያድ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ጊሊያድ ኦደፍሲ ለሚባል የኤች አይ ቪ ኪኒን ተጠቀመበትና ማርች 2016 አስፈቀደ።

እንግዲህ አስቡት። ሕንድ ከፈቀደችው 12 ዓመት ያለፈው ኪኒን ነው 125 ሚሊዮን ያስገኘው። ሕጉ ውስጥ ደግሞ "ቫውቸሩን የወሰደ ኩባንያ መድኃኒቱን በሚቻል ዋጋ ለታማሚው ያቅርብ" የሚል ነገር የለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ዲኤንዲአይ (ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያጠና ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) ይሄንን ነው ሲጮሁበት የኖሩት። ምን ትላላችሁ?

አቤል_ኢኮኖሚክስ

ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል ግን ምሳሌህ የኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው ወንድሜ። ቫውቸሩ ለምን ዋጋ አወጣ? ወረፋው ረጅም ስለሆነ! መንግሥት ራሱ ቀርፋፋ በር ሠርቶ የበሩን ቁልፍ ይሸጣል ማለት እኮ ነው። በ1962 አሜሪካ ሕጉን አጥብቃ "መድኃኒቱ ጉዳት የለውም ማለት ብቻ አይበቃም፣ እንደሚሠራም አረጋግጡ" ካለች በኋላ ፔልዝማን የሚባል ኢኮኖሚስት በ1973 ባወጣው ጥናት ወደ ገበያ የሚገባው አዲስ መድኃኒት ቁጥር በጣም መውረዱን ጽፏል። መጥፎ መድኃኒት ሲገባ ሁሉም ያያል፣ ጥሩ መድኃኒት ዘግይቶ የሞተውን ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም። ኦክቶበር 1988 የኤድስ ታማሚዎች ሜሪላንድ ኤፍዲኤ በር ላይ ሄደው የተኙት እኮ ለዚህ ነው፣ እየሞትን ምርመራ አታስጠብቁን ብለው። ከዚያ በኋላ ነው በ1992 የተፋጠነ ፈቃድ የሚባለው የመጣው። በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ለምርመራው ክፍያ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፣ ኤፍዲኤ ባለሙያ ቀጠረ፣ የምርመራው ጊዜ በጣም አጠረ። አያችሁ ሲፈልጉ ይቻላል።

ሜሮን_ፋ

@አቤል ያላልከውን ልጨምርልህ። የ1962ቱ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ታሊዶማይድ የሚባለውን የእንቅልፍና የማቅለሽለሽ መድኃኒት ጀርመን በ1957 ገበያ ላይ አወጣችው፣ ነፍሰ ጡሮች ወሰዱት፣ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅ እግራቸው ሳይሠራ ተወለዱ። አሜሪካን ያዳነቻት ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የኤፍዲኤ ሐኪም ናት፣ ሥራ በጀመረች በወሩ ነው ማመልከቻው ጠረጴዛዋ ላይ ያረፈው፣ ኩባንያው እየደወለ እየተመላለሰ ሲጨቀጭቃት "መረጃው አይበቃም" እያለች ከአንድ ዓመት በላይ ያዘችው። እንደ አንተ ሂሳብ ኬልሲ "ፈጠራ ያዘገየች" ናት።

ከዚያ በፊትም በ1937 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሰልፋ መድኃኒት በሽሮፕ ለማቅረብ ብሎ ዳይኢትሊን ግላይኮል ውስጥ አሟሟው፣ መርዝ ነው፣ ከ100 ሰው በላይ ሞተ። ሳይሞከር መሸጥ ያኔ በሕግ አልተከለከለም ነበር። እና ይሄ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፣ ያው ተመሳሳይ መርዝ ነው በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከውጭ በገባ የልጆች ሽሮፕ ተገኝቶ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ የሞቱት። ጠንካራ ተቆጣጣሪ የሌለው አገር ላይ ነው ይሄ የሚሆነው። እኔ መድኃኒት ቤት ቆሜ ለእናቶች ሽሮፕ የምሰጥ ሰው ነኝ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የምዝገባ ቁጥር አምኜ ነው የምሰጠው፣ ሌላ ማመሳከሪያ የለኝም።

አቤል_ኢኮኖሚክስ

@ሜሮን እህቴ ጉዳት የሌለው መሆኑ ይረጋገጥ የሚለው ላይ አልጣላሽም። እኔ የምለው ይሠራል አይሠራም የሚለውን ሐኪሙና ታማሚው ይወስኑ ነው።

ሜሮን_ፋ

ሐኪሙ በምን አውቆ ይወስናል? የሚሠራውን ከማይሠራው የሚለየው ጥናት ነው፣ ጥናቱን የሚያሠራው ደግሞ የፈቃዱ ግዴታ ነው። ካልተገደደ ማን ያንን ብር ያወጣል?

ሲስተር_ቆላ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ ግን ካላአዛር ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቆላ አካባቢ የካላአዛር ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

የማረሳው አንድ ልጅ አለ፣ ከደጋ የወረደ፣ 19 ዓመቱ ነው አለ እንጂ 15 ነበር የሚመስለው። ሲገባ 42 ኪሎ ነበር፣ ጣፊያው እምብርቱን አልፎ ይዳሰሳል። ያኔ የምንሰጠው ያው የድሮው የአንቲሞኒ መርፌ ነው፣ ስቲቦግሉኮኔት፣ 30 ቀን። ሂሳቡን ላስረዳችሁ፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው፣ አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ፣ ስለዚህ ለ42 ኪሎ ልጅ በየቀኑ 8 ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። መቀመጫው ላይ ሥጋ የለም እኮ። ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በቀኝ ግማሹን በግራ እሰጠዋለሁ፣ በነጋታው የትናንቱ ቦታ ጠንክሮ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ በጣቴ እየዳበስኩ ለስላሳ ቦታ እፈልጋለሁ። ልጁ አያለቅስም፣ የአልጋውን ብረት ይይዝና "ሲስተር ስንት ቀረኝ" ይለኛል። በየቀኑ ነው የሚጠይቀኝ፣ ቁጥሩን እያወቀው።

በኋላ ከፓሮሞማይሲን ጋር ተደርጎ 17 ቀን ሆነ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን እሱም በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። ኤች አይ ቪ አብሮ ያለባቸው ደግሞ አንቲሞኒውን አይችሉትም፣ ልብንና ቆሽትን ይነካል፣ ከበሽታው ተርፈው በመድኃኒቱ የሄዱብን አሉ። ለነሱ ነበር ያ ኪኒን የሚያስፈልገው። "አልቋል፣ ታዟል፣ ይመጣል" ሲባል ነው የኖርነው። ስለ 125 ሚሊዮኑ ዛሬ ገና መስማቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጎንደሬው_ፋርማሲስት

ሲስተር እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን ስላካፈልሽን። እኔ ስለ ሕግ ሳወራ አንቺ 8 ሚሊ ሊትሩን ይዘሽ ቆመሽ ነበር።

ጋሽ_አያሌው

ልጆች እኔ የመድኃኒት ነገር ብዙም አላውቅ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ኩባንያው ፈቃዱን አሜሪካ አገር አገኘ፣ ሽልማቱንም አሜሪካ አገር ተቀበለ፣ በሽታው ግን አሜሪካ አገር የለም። ታዲያ አሜሪካ መፈቀዱ ለመተማው ልጅ ምን ያደርግለታል? እዚህ እንዲሸጥ የኛ አገር ፈቃድ አያስፈልገውም?

ኪያ_ቨርጂኒያ

ጋሽ አያሌው ጥያቄዎ የነገሩ እምብርት ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ለመድኃኒት ኩባንያዎች የፈቃድ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ ልንገራችሁ።

የኤፍዲኤ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ምዝገባ ይፈልጋል። ቫውቸሩ ግን የሚሰጠው የኤፍዲኤ ፊርማ ያረፈ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ኢትዮጵያ ላስመዝግብ፣ ሱዳን ላስመዝግብ ቢል በፈቃደኝነት ነው። እኛ ቢሮ ሥራ ሲታቀድ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ቀን ነው፣ የፈቃዱን ቀን። ከዚያ ኋላ ያለው ሠንጠረዥ ላይ አይገባም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አደለም፣ ሕጉ የሚከፍለው እስከዚያ ቀን ድረስ ላለው ሥራ ስለሆነ ነው።

ግን ፍትሐዊ እንሁን፣ ቫውቸሩ ጥሩም ሠርቷል። ሞክሲዴክቲንን ውሰዱ። የከብትና የበግ መድኃኒት ሆኖ ለዓመታት ሲያገለግል ነበር፣ ለሰው የወንዝ ዳር ዕውርነት እንደሚሆን ቢታወቅም ትርፍ ስለሌለው የሚያስጨርሰው ጠፋ። አንድ ለትርፍ ያልቆመ የአውስትራሊያ ድርጅት አንስቶት፣ ቫውቸሩን ተስፋ አድርጎ ገንዘብ የሚያወጣ አግኝቶ፣ ጁን 2018 አስፈቀደው። ያ በሽታ ጅማ፣ ከፋ፣ መተከል ያለ በሽታ ነው። ቫውቸሩ ባይኖር ያ መድኃኒት ዛሬም የከብት መድኃኒት ብቻ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

እና ደግሞ ከሚልቴፎሲኑ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የመጀመሪያው ቫውቸር በ2009 ለኖቫርቲስ የተሰጠው በኮአርተም ነው፣ ሁላችሁም የምታውቁት የወባ መድኃኒት፣ ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ስትሰጠው የነበረው! ኖቫርቲስ ቫውቸሩን በ2011 ለሪህ መድኃኒት ተጠቀመበት፣ ኤፍዲኤ ግን ያኔ መድኃኒቱን ለሪህ አልፈቀደውም። ቫውቸሩ ያፋጥናል እንጂ አያስፈቅድም፣ @አቤል ይሄን ልብ በል፣ ቁልፍ አደለም የሚሸጠው፣ ወረፋ ነው። መሥፈርቱ ያው ነው።

በ2017 ሕጉ ተስተካክሏል። አሁን አመልካቹ ራሱ ያሠራው አዲስ የክሊኒክ ጥናት ከሌለ ሌላ አገር የቆየ መድኃኒት አምጥቶ ቫውቸር መውሰድ አይችልም። ያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ለታማሚ ይድረስ የሚለው ግን አሁንም አልገባም።

ጋሽ_አያሌው

እግዜር ያክብርሽ ልጄ፣ አሁን ገባኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

አስመጪው

እኔ በመድኃኒት አስመጪነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የኛን በኩል የሚያወራ ስለጠፋ ልበል።

ሰዉ ሁሉ "ለምን አይመዘገብም" ይላል። እስኪ ምዝገባ ምን እንደሆነ እዩት። ፋብሪካው ሙሉ ዶሴ ያዘጋጃል፣ የአገር ውስጥ ወኪል ይይዛል፣ ናሙና ይልካል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ የፋብሪካው አሠራር ይመረመራል፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ያሳድሳል። ለአሞክሲሲሊን ይሄ ሁሉ ያዋጣል፣ በሚሊዮን ይሸጣል። ለካላአዛር ግን በዓመት የሚገዛው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ገዢውም መንግሥትና እርዳታ ድርጅት ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ የውጭ አምራች "ይሄን መድኃኒት ኢትዮጵያ ላስመዝግብልህ" ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ በሁለት መስመር ነው፣ "በዓመት ስንት ካርቶን ትወስዳለህ?" ቁጥሩን ላክሁለት። ከዚያ በኋላ መልስ አላየሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌለታለሁ።

ያልተመዘገበ መድኃኒት በልዩ ፈቃድ ይገባል፣ መንገዱ አለ፣ ግን በየጭነቱ ነው፣ አንዱ ደብዳቤ ከዘገየ ሲስተር ያለችው "ይመጣል" ይሆናል። ስለዚህ ለኔ መፍትሔው የኛን ቁጥጥር ማላላት አደለም፣ ሜሮን ያለችው የጋምቢያው ነገር ያስፈራኛል። ጠንካራ አገር የመረመረውን ወይ የዓለም ጤና ድርጅት ያጣራውን ዶሴ ተቀብሎ ድጋሚ ከዜሮ አለመጀመር ነው። ይሄ አሠራር ተጀምሯል፣ የሚጠቅመው ግን ዶሴውን ይዞ ለሚመጣ ነው፣ ጭራሽ ለማይመጣው ኩባንያ ምንም አያደርግም። ኪጋሊ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲም ገበያውን አንድ ላይ ካሰባሰበው ያ አምራች ስንት ካርቶን ብሎ ሲጠይቀኝ የምነግረው ቁጥር ይለወጣል።

አቤል_ኢኮኖሚክስ

@አስመጪው ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነቴን ነው። እኔ የማወራው ስለ አሜሪካ ገበያ ነው፣ እዚያ ፈቃዱ ከተገኘ ሻጩ ራሱ እየሮጠ ይመጣል፣ ስለዚህ ፈቃዱ ብቻ ነው እንቅፋት የሚመስለኝ። ገበያ በሌለበት ግን በሩን ብትከፍተውም የሚገባ የለም ማለት ነው። አሁንም ወረፋው ይጠር የሚለው ላይ ነኝ። ግን ሽልማቱ ሁለት ቦታ ቢከፈልስ? ግማሹ ሲፈቀድ፣ ግማሹ በሽታው ባለባቸው አገሮች ተመዝግቦ መድኃኒቱ ሲደርስ።

ኪያ_ቨርጂኒያ

አቤል ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ ቫውቸር ለሁለት አይቆረጥም፣ አንድ ወረቀት ነው። የሚቻለው ግን ከመሰጠቱ በፊት የማቅረቢያ ዕቅድ እንዲያስገባ ማስገደድ፣ ዋጋው ላይ አስቀድሞ ማስፈረም ነው። ኩባንያዎቹ "ሁኔታ ካበዛችሁብን ቫውቸሩ ዋጋ ያጣል" ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በርካሹ ጊዜ 67 ሚሊዮን ተኩል፣ በውዱ ጊዜ በ2015 350 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ወረቀት ነው፣ ትንሽ ሁኔታ ይችላል።

ጎንደሬው_ፋርማሲስት

እኔ በዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝን ልጨምር። ሚልቴፎሲን ኤች አይ ቪ ላለባቸው አምቢዞም ከሚባለው መርፌ ጋር ተደርጎ ሲሰጥ የተሻለ እንደሆነ ያሳየው ጥናት የተሠራው እዚሁ ነው፣ ጎንደርና አብዱራፊ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያው ውስጥ ያስገባው በዚያ መነሻ ነው። ከፓሮሞማይሲን ጋር 14 ቀን ብቻ የሚሰጥበትም ተጠንቷል፣ ጎንደር እዚያም ውስጥ አለች። ቫውቸሩ ግን ከመጀመሪያው ጥናት ውጤት በፊት ተሽጦ አልቋል። መድኃኒቱ ለኛ ሰው እንዴት መሰጠት እንዳለበት የሚነግረን ትልቁ ሥራ የተሠራው ከሽልማቱ በኋላ ነው፣ በእርዳታ ገንዘብ፣ በኛ ሐኪሞችና በኛ ታማሚዎች። ፈጠራ ማለት ያም እኮ ነው፣ ሞለኪውል ማግኘት ብቻ አደለም።

ሜሮን_ፋ

እና ለሴቶች ያለውን ነገር አትርሱት። ሚልቴፎሲን ጽንስ ስለሚጎዳ ልትወልድ የምትችል ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ሳትይዝ አይሰጣትም። ይሄን የምናውቀው የፈቃዱ ሂደት ስላስገደደ ነው። ታሊዶማይድ ጊዜ ግን ማንም አላስገደደም ነበር።

ጋሽ_አያሌው

ይቅርታ አድርጉልኝና ከርዕሱ ልውጣ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ከመተማ አረም ጨርሶ ተመልሷል። ሁለት ሳምንት አለፈው ማታ ማታ ትኩሳት ይዞታል፣ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተውት ለውጥ የለውም። ሲስተር የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ምን ላድርግ?

ሲስተር_ቆላ

ጋሽዬ አይደንግጡ፣ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፣ ጤና ጣቢያ አይደለም። እንደገባ "መተማ ነበርኩ፣ ውጭ እያደርኩ ነው የሠራሁት" ብሎ ራሱ ይንገራቸው፣ ሳይጠይቁት። የካላአዛር ምርመራ ይሥሩልኝ ይበል፣ ከጣት ጠብታ ደም ወስደው ብዙም ሳይቆይ የሚያሳውቁት ነው። ከግራ ጎድኑ በታች እጅዎን ያሳርፉ፣ ጠንከር ያለ ነገር ይዳሰሳል ወይ? ኤች አይ ቪም አብረው ይመርምሩት፣ ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። የትኛው ከተማ ነው ያላችሁት? በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ ደውዬ አጣራለሁ።

ጋሽ_አያሌው

ጻፍኩልሽ ልጄ። አሁን ዳሰስኩት፣ አለ።